ተመጋቢው የሚፈጽመው መብል፦ የታይላንድ ኑድል ቤት በአል ሻምኻ

ከአቡ ዳቢ ደሴት ተወጥቶ፣ በዋናው ምድር ላይ ከዛይድ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲያ በሚዘረጋው ሜዳ የተመሠረተው አል ሻምኻ፣ በባሕሩ ዳር ካሉት ሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎች የራቀ፣ ዝግ ያለና ቤተ ሰባዊ ጠባይ ያለው ሰፈር ነው። ሰፋፊዎቹ ቪላዎች በግንብ አጥር ተከብበው ይታያሉ፤ የየመንደሩም መስጊድ በየጸሎቱ ሰዓት አዛን ያሰማል። በሰፈሩ የሚኖሩት በብዛት የአገሩ ተወላጆች ከነቤተ ሰቦቻቸው ሲሆኑ፣ ከነርሱም ጋር ልጅ የሚያሳድጉ፣ መኪና የሚነዱ፣ ወጥ ቤት የሚሠሩ፣ ከኢትዮጵያና ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድና ከኔፓል የመጡ ሠራተኞች ይኖራሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የሙቀት ወራት ሰው ቀኑን ሙሉ በቤቱ ተከትቶ ስለሚውል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገዱና የገበያው አዳራሽ በቤተ ሰብ ይሞላል፤ ከሚታደምባቸውም ስፍራዎች ዋነኛው ምግብ ቤት ነው። እንደ ሌሎቹ የአቡ ዳቢ ዳርቻ ሰፈሮች ሁሉ በዚህም የሊባኖሱ ጥብስ፣ የሕንዱ ብርያኒና የቱርኩ ኬባብ ጎን ለጎን ይገኛሉ። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለመናገር የወደድሁት ስለ ታይላንድ ኑድል ነው፤ ምክንያቱም በብዙ ወገኖቻችን ዘንድ በስሙ ብቻ የሚታወቅ፣ ሥርዓቱ ግን ያልተገለጠ መብል ስለ ሆነ ነው።

የአገራችን ወጥ ከባለሙያዋ እጅ ሲወጣ ተፈጽሞ የወጣ ነው። ጨውም፣ በርበሬም፣ መከለሻም ገና በድስቱ ውስጥ ሳሉ ልካቸውን አግኝተዋል፤ በማዕድ ላይ ተቀምጦ ጨው ይጨመርልኝ የሚል እንግዳም ባለሙያዋን እንደ ነቀፈ ይቆጠራል። የታይላንድ ኑድል ግን ሆን ተብሎ ሳይፈጸም ይቀርባል። በእያንዳንዱ ገበታ ላይ አራት ትንንሽ ዕቃዎች ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ በአንዱ ስኳር፣ በሁለተኛው ደርቆ የተፈጨ ቃሪያ፣ በሦስተኛው በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቃሪያ፣ በአራተኛውም ናም ፕላ የሚባለው፣ ከትንንሽ ዓሣና ከጨው ዓመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ተጠምቆ የሚጠለለው ቡናማ ፈሳሽ አለ። ጣፋጭ፣ የሚያቃጥል፣ ኮምጣጣና ጨዋማ፣ አራቱ ጣዕሞች ለተመጋቢው ተተውለታል ማለት ነው። አብሳዩ መሠረቱን ያኖራል፤ ፍጻሜውን ግን ለባለ ሳህኑ ሥልጣን ሰጥቶ ከገበታው ይርቃል። በዚህም አንድ ድስት የአሥር ሰው ፈቃድ ይሞላል፤ አያቲቱ ጣፈጥ አድርገው ይበሉታል፣ ሕፃኑ ያለ ቃሪያ ይበላዋል፣ ሚጥሚጣ የለመደችው የእኛ እኅት ደግሞ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ድረስ ታቀጣጥለዋለች፤ ማንም በማንም ላይ አይፈርድም።

የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ነዋሪ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ከውጭ አገር የመጣ መሆኑን ስናስብ፣ እንዲህ ያለው መብል እዚያ ሥር መስደዱ አያስደንቀንም። ለተወላጆቹ ለራሳቸውም ቢሆን እንግዳ አይደለም። ኤምሬቶች ባላሊጥ የሚሉት ጥንታዊ የቁርስ ምግብ አላቸው፤ ይኸውም ቀጭን ፓስታ በስኳር፣ በሄልና በሳፍሮን ከተሠራ በኋላ የእንቁላል ጥብስ የሚደረብበት ነው። ጣፋጭ ኑድልን ከእንቁላል ጋር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲበላ ያደገ ሰው ፓድ ታይ የሚባለው የተጠበሰ የሩዝ ኑድል ሲቀርብለት አይደነግጥም። ከዚህም ሌላ ባንኮክ ለኤምሬት ቤተ ሰቦች የቅርብ ጎረቤት ያህል ናት፤ ለመዝናናት የሚሄዱት ብዙዎች ናቸው፤ ለሕክምና ደግሞ ቡምሩንግራድን በመሰሉ የከተማይቱ ሆስፒታሎች ሳምንታትና ወራት የሚቀመጡ አሉ። በሽተኛውን ሊያስታምም አብሮ የሄደው ዘመድ ጠዋት ማታ የሚበላውን ምግብ ለምዶ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ጣዕሙን ይናፍቃል፤ ናፍቆቱም በሰፈሩ ምግብ ቤት ይፈጸማል። የታይላንድ መንግሥትም በበኩሉ ይህን ናፍቆት ለመቀስቀስ አስቦ ሠርቷል፤ በ2002 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዓለም ዙሪያ የታይላንድ ምግብ ቤቶች እንዲበዙ የሚያግዝ ብሔራዊ ዕቅድ አውጥቶ፣ ምግብን የዲፕሎማሲ መልእክተኛ አድርጎ ወደ አሕዛብ ልኮታል። በ2024ም ቶም ያም ጉንግ የተባለው ኮምጣጣ የሽሪምፕ ሾርባ፣ የእኛ በዓለ ጥምቀት በ2019 በተመዘገበበት የዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሊገባ በቃ።

በአቡ ዳቢ የታይላንድን ምግብ በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ገበታ ላይ የሚያቀርቡ ታላላቅ ቤቶችም አሉ፤ በዱሲት ታኒ ሆቴል የነበረው ቤንጃሮንግ የሚባለው ምግብ ቤት በዚህ ይታወቅ ነበር። የኑድል ቤት ግን ከዚህ የተለየ ወገን ነው። ትውልዱ ከመንገድ ዳር፣ ከጋሪና ከጀልባ ስለ ሆነ፣ በገበያ አዳራሽ ውስጥ በመስታወትና በመብራት ቢያጌጥም የድሮ ጠባዩን አልጣለም፤ ቶሎ ይሠራል፣ ሲፈላ ይቀርባል፣ ተመጋቢውም ብዙ ሳይቆይ ይነሣል።

ታሪኩን ባጭሩ ማንሣት ያስፈልጋል። ኑድል ወደ ሲያም የገባው ከቻይና በመጡ ነጋዴዎችና ስደተኞች እጅ ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን የቻይናውያን መብል ሆኖ ይታይ ነበር። ከ1938 እስከ 1944፣ ዳግመኛም ከ1948 እስከ 1957 አገሪቱን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩት ፊልድ ማርሻል ፕሌክ ፒቡንሶንግክራም፣ በ1939 የመንግሥቱን ስም ከሲያም ወደ ታይላንድ ሲለውጡ፣ ከስሙ ጋር የሕዝቡን ልብስ፣ ሰላምታና ማዕድ ሳይቀር በአዲስ ብሔራዊ መልክ ለመቅረጽ ተነሡ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በ1942 ባንኮክን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ሩዝን ባስወደደ ጊዜ፣ መንግሥቱ ሕዝቡ ኑድል እንዲበላ፣ ሥራ ያጣውም ኑድል እየሸጠ እንዲኖር አጥብቆ ይሰብክ ነበር። ፓድ ታይ ታላቅ ዝና ያገኘው በዚያ ዘመን ነው፤ መሠረቱ ቻይናዊ የሆነው ኑድል በኮምጣጣው ፍሬ በሁመርና በናም ፕላ ተጠምቆ የአንድ አገር ብሔራዊ መብል ተባለ። እኚሁ ሰው በሁለተኛው ዘመነ ሥልጣናቸው ጦራቸውን ወደ ኮሪያ እንደ ላኩና የእኛም የቃኘው ሻለቃ ከ1951 ጀምሮ በዚያው ምድር እንደ ተዋጋ ሳስብ፣ ሁለቱ ሕዝቦች ከሚመስለን በላይ ቀደም ብለው በአንድ ዐውደ ውጊያ መገናኘታቸው ደስ ይለኛል። በባንኮክ ማሐ ቻይ ጎዳና ላይ የሚገኘው፣ ዛሬም ሰው ለፓድ ታይ የሚሰለፍበት ቲፕ ሳማይ የተባለው ቤት የተከፈተው በ1966 ነው፤ ሼክ ዛይድ የአቡ ዳቢ ገዢ የሆኑትም በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ነበር።

አሁን ወደ ገበታው እንቅረብ። ወደ ኑድል ቤት የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚመርጠው ሥጋውን ሳይሆን ኑድሉን ነው። ሴን ያይ ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው፣ ሴን ሌክ ጠበብ ያለው፣ ሴን ሚ እንደ ክር የቀጠነው የሩዝ ኑድል ነው፤ ባ ሚ ከስንዴና ከእንቁላል የሚሠራ ቢጫ ኑድል ሲሆን፣ ዉን ሴን ደግሞ ከማሾ የሚወጣ፣ ሲበስል ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ቀጥሎ በመረቅ ይሁን ወይስ ያለ መረቅ የሚለው ይወሰናል፤ ሥጋው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሩዝ ኑድል አሠራር ለእኛ ሰው በቀላሉ የሚገባ ነው። ሩዙ ተዘፍዝፎ ከውኃ ጋር ይፈጫል፤ ቀጭኑ ሊጥ እንፋሎት በሚወጣበት ዕቃ አፍ ላይ በተወጠረ ጨርቅ ላይ ይሰፋል፤ ተከድኖም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይነሣና ይቆረጣል። አክንባሎውን ከፍቶ እንጀራ ያወጣ እጅ ይህን ሥራ ቢያይ ምጣዱ በጨርቅ፣ እሳቱም በእንፋሎት መለወጡን ብቻ ያስተውላል። እንደ ጤፍም ሁሉ ሩዝ ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ ስንዴ የማይስማማው ሰው፣ ስንዴ የገባበትን አኩሪ አተር ሶስና ሌላውንም ሶስ ጠይቆ ካስቀረ፣ የሩዙን ኑድል ሊመርጥ ይችላል።

ፓድ ታይ ሲሠራ በወጥ ቤቱ መስኮት አሻግሮ ማየት የሚቻልበት ቤት ካገኙ ቦታዎን እዚያ ቢይዙ እመክራለሁ። ኑድሉ አይቀቀልም፤ በውኃ ተዘፍዝፎ ለስለስ ካለ በኋላ በታላቅ እሳት ላይ በጋለው ጎድጓዳ የብረት መጥበሻ ላይ ይጣላል፤ የሁመር ጭማቂ፣ የዘንባባ ስኳርና ናም ፕላ ይጨመርበታል፤ በጎን በኩል እንቁላል ይሰበራል፤ ቶፉ፣ ደረቅ ሽሪምፕና የማሾ ብቃይ ይከተላሉ፤ ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይፈጸማል። ጥሩ ባለሙያ አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚበላውን ብቻ እየነጠለ ይሠራል፤ ብዙውን ባንድ ጊዜ ያጨቀ እንደ ሆነ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ኑድሉም ተጣብቆ ሙጫ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ገበታ የተቀመጡ ስድስት ሰዎች ሳህናቸው እኩል ባይደርስላቸው አብሳዩ ሥራውን ማክበሩ ነውና ሊያመሰግኑት ይገባል።

ከመረቅ ኑድሎች ሁሉ ታሪኩ የሚያምረው የጀልባ ኑድል የሚባለው ነው። ባንኮክ በቦይ የተከፋፈለች ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ ሻጩ እሳቱንም፣ ድስቱንም፣ ሳህኑንም በጠባብ ጀልባ ላይ ጭኖ፣ ብቻውን እየቀዘፈ፣ እየቀቀለ፣ ገንዘብም እየተቀበለ ይሸጥ ነበር። ከሚወዛወዝ ጀልባ ወደ ቦዩ ዳርቻ ትልቅ ሳህን ማቀበል መረቁን ያፈሰዋልና ሳህኑ ትንሽ ሆነ፤ ዛሬም በደረቅ መሬት ላይ በባንኮክ የድል ሐውልት አካባቢ በሚገኙት ቤቶች ሳህኑ ያው ትንሽ ስለ ሆነ ተመጋቢው ባዶዎቹን እየደራረበ ደጋግሞ ይጠይቃል። በታይላንድ ይህ መረቅ የሚወፍረውና የሚጠቁረው የአሳማ ወይም የላም ደም ስለሚጨመርበት ነው። በአቡ ዳቢ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእስልምና ሕግ የፈሰሰ ደምም የአሳማ ሥጋም እርም ስለ ሆኑ፣ እንደ አል ሻምኻ ባለ ሰፈር ያለ ኑድል ቤት መረቁን በበሬ አጥንት፣ በቀረፋ፣ ኮከብ በሚመስለው የአኒስ ፍሬና በጥቁር አኩሪ አተር ሶስ ያጠቁረዋል። እኛም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 የተጻፈውን፣ ከደምና ከታነቀ ሥጋ ራቁ የሚለውን የሐዋርያት ቀኖና የምንጠብቅ ሕዝብ ስለ ሆንን፣ ባንኮክ ላይ በፍርሃት የምንጠይቅበትን ሳህን በዚህ አገር ከሙስሊም ወንድሞቻችን ጋር በሰላም እንቋደሰዋለን። በሁለት ሃይማኖት ሕግ የታጠረ መብል ጣዕሙ ይጎድላል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ረጅም ሰዓት የተንተከተከ አጥንት የሚሰጠው ጥልቀት ከደሙ ውፍረት አያንስም።

ደግሞም አስቀድሞ በሙስሊሞች እጅ የተሠራ የታይላንድ ኑድል አለ፤ ስሙም ካዎ ሶይ ይባላል። የሰሜን ታይላንድ ከተማ የሆነችው ቺያንግ ማይ መብል ሲሆን፣ ከዩናን በቅሎ እየነዱ በተራሮቹ መካከል ይነግዱ ከነበሩት ቻይናውያን ሙስሊሞች ጋር ታሪኩ የተያያዘ ነው። እስከ ዛሬም በዚያች ከተማ ባን ሐው በሚባለው መስጊድ አጠገብ ይህን መብል የሚያቀርቡ የሙስሊም ቤቶች አሉ። የእንቁላል ኑድል በኮኮናት ወተትና በቅመም በተሠራ መረቅ ውስጥ ይቀርባል፤ በላዩም ጥቂት ኑድል በዘይት ተጠብሶ ይነሰነስበታል፤ በጎኑ ኮምጣጣ ጎመን፣ ጥሬ ቀይ ሽንኩርትና ሎሚ አይለዩትም። በአል ሻምኻ የሚኖር ወገኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ልዘዝ ቢለኝ፣ የጾም ቀን ካልሆነ፣ ከፓድ ታይ ይልቅ ካዎ ሶይን እመርጥለታለሁ፤ የዶሮ ወጥን ውፍረት የለመደ ምላስ የሚያርፍበት መረቅ ነውና።

ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ እኔንም በዚህ ማዕድ ዘወትር የሚያስደንቀኝ ነገር፣ እንግዳ የሚመስለው መዓዛ ከአገራችን ጓሮና ቆላ የማይርቅ መሆኑ ነው። በቶም ያም ውስጥ የሚሸተው ሣር፣ እኛ ጠጅ ሣር ብለን በጓሮ የምንተክለውና በሻይ የምናፈላው ነው። በመጨረሻ ትኩሱ ላይ የሚበተነው ሐምራዊ አገዳ ያለው ቅጠል የበሶብላችን የቅርብ ዘመድ ነው። ድንብላልን እኛ ይበልጡን በፍሬው ስናውቀው፣ ታይላንዶች ቅጠሉንም፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሥሩን ከነጭ ሽንኩርትና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ወቅጠው የመረቅና የሥጋ መሠረት ያደርጉታል፤ ይህን ከነርሱ ብንማር ወጣችን የሚከብር ይመስለኛል። የፓድ ታይን ኮምጣጣነት የሚሰጠው ሁመር፣ ሮቃ የሚሉትም አሉ፣ የትውልድ አገሩ አፍሪቃ ነው፤ በቆላው አገራችን በዱር ይበቅላል፤ ዐረቦችም በረመዳን ምሽት ጭማቂውን አቀዝቅዘው ይጠጡታል። ቃሪያ ግን የሁላችንም እንግዳ ነው። ከአሜሪካ ምድር የወጣው ተክል ወደ ሲያምም ወደ ኢትዮጵያም የደረሰው በ16ኛው መቶ ዓመት በፖርቱጋሎች በኩል እንደ ሆነ ብዙ ሊቃውንት ይገምታሉ፤ ፖርቱጋሎች በ1511 አዩታያ ከተባለችው የሲያም መናገሻ ደርሰው ነበር፤ በ1520 ደግሞ መልእክተኞቻቸው ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር ገቡ። እንግዲህ በርበሬ የሌለው ዶሮ ወጥና ቃሪያ የሌለው ቶም ያም ዛሬ የማይታሰቡ ቢሆኑም፣ ሁለቱም ሕዝቦች ያለ እርሱ ብዙ ምዕት ዓመታት ኖረዋል።

አሁን ለብዙ እኅቶቻችን ዋና ወደ ሆነው ጉዳይ ልግባ። ከ2022 ጀምሮ በአቡ ዳቢ የሳምንቱ ዕረፍት ቅዳሜና እሑድ ሆኖ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጉ፣ ቤተ ሰብ ለእራት ከሚወጣባቸው ምሽቶች አንዱ ዓርብ ነው። ለኦርቶዶክሳዊት ክርስቲያን ደግሞ ዓርብ ጾም ነው። በማዳሟ መኪና ልጆቹን ይዛ የመጣች የቤት ሠራተኛ ምናሌው በፊቷ ሲዘረጋ፣ ከሥጋና ከእንቁላል የጸዳ ምግብ መፈለግዋ የታወቀ ነው፤ የታይላንድ ኑድል ግን በዐይን አይቶ ብቻ ጾም ነው ለማለት የማይቻል መብል ነው። አትክልት ብቻ የሚታይበት ሳህን በናም ፕላ ተቀምሞ ይሆናል፤ የአትክልት ጥብስ የሚያብለጨልጨው ኦይስተር ከተባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ በሚሠራ ሶስ ይሆናል፤ የካዎ ሶይና የሌሎቹ መረቆች ቅመም ካፒ የተባለ የተብላላ ሽሪምፕ ሊኖረው ይችላል፤ ባ ሚ ኑድል ራሱ እንቁላል አለበት፤ ግልጽ የሚመስለውም መረቅ የአጥንት ነው። በጾም ዓሣ ይበላ አይበላ የሚለው ክርክር በምእመናን ዘንድ የቆየ ቢሆንም፣ ሽሪምፕ ግን ክንፍና ቅርፊት ስለሌለው የኦሪትን ሥርዓት የሚጠብቁ ሁሉ በፍስክም ቀን የሚተዉት ነው፤ ተራው ፓድ ታይ ደግሞ እንቁላሉም፣ ናም ፕላውም፣ ሽሪምፑም ባንድነት አለበት።

መፍትሔው ከቶፉና ከአትክልት ጋር በመጥበሻ የተሠራ የሩዝ ኑድል ማዘዝ ነው፤ እንቁላል፣ ደረቅ ሽሪምፕ፣ ናም ፕላና የኦይስተር ሶስ ቀርተው በአኩሪ አተር ሶስ እንዲቀመም መንገር ይገባል። የኮኮናት ወተት በስሙ ወተት ቢባል የተክል ፍሬ ነውና ጾምን አይፈታም። አብሳዩ ታይላንዳዊ ከሆነ ጄ የምትለዋ ቃል ብቻ ትበቃለች፤ ምክንያቱም በታይላንድ በየዓመቱ በጥቅምት ወር ገደማ ቡድሃዊው ሕዝብ፣ በተለይም የቻይና ዘር ያለው፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ትቶ የሚጾምበት ዘጠኝ ቀን አለ፤ በዚያን ጊዜ የሚበላው ሁሉ ጄ ይባላል። እንዲያውም ከእኛ ጾም ጠንክሮ ነጭና ቀይ ሽንኩርትን ይከለክላል። አስተናጋጁ ዐረብኛ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ያለ እንቁላል ለማለት ቢዱን በይድ፣ ያለ ዓሣ ለማለት ቢዱን ሰመክ ይባላል። ጾመኛ ነኝ ብቻ ማለት ግን አይረዳም፤ በዚያ አገር ጾም ማለት እስከ ፀሐይ መግቢያ ከእህልም ከውኃም መታቀብ ስለ ሆነ፣ አስተናጋጁ ግራ ይጋባል፤ የማይበላውን አንድ በአንድ መቁጠር ይሻላል።

ከዚህ ጋር የማላልፈው ነገር አለ። ቤተ ሰቡ ሲመገብ ሕፃኑን ይዛ ከገበታው ጎን የምትቆም፣ ወይም በሌላ ጠረጴዛ ብቻዋን ተቀምጣ ያልጠየቀችው ሳህን የሚሰጣት ሠራተኛ በየምግብ ቤቱ ትታያለች፤ ማየቱም ልብን ያሳዝናል። ከገበታው አስቀምጠው ምን ልዘዝልሽ ብለው የሚጠይቁ ብዙ ደጋግ ቤተ ሰቦች እንዳሉ ደግሞ መመስከር ይገባል። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች በተቀበለ ጊዜ ራሱ ቆሞ እነርሱን አስቀመጠ፤ አብርሃም እንግዶችን የተቀበለበትን ታሪክ ዐረቦችም እኛም በየመጽሐፋችን እናነበዋለን። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ተመጋቢው በገዛ እጁ በሚፈጽመው በዚህ መብል ፊት የማንንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቁ ሳህን ማቅረብ የመብሉን ሥርዓት ራሱን ማፍረስ ነው።

ሳህኑ ከመጣ በኋላ ስላለው ሥርዓት ጥቂት ልበል። መጀመሪያ ምንም ሳይጨምሩ መረቁን ይቅመሱ፤ አብሳዩ ያኖረውን መሠረት ሳያውቁ የሚጨመር ቅመም በጨለማ እንደሚጣል ነው። ጨው ካነሰው ናም ፕላ በጠብታ፣ ቀጥሎ ኮምጣጤው፣ ከዚያም ቃሪያው ይግባ፤ የደረቀው ቃሪያ በመረቁ ውስጥ እየቆየ ስለሚበረታ ባንድ ጊዜ አይብዛ። ስኳሩ ለእኛ ሰው የሚያስገርም ቢሆንም አንድ ቁንጥጫ ብቻ ይሞክሩ፤ ዓላማው ማጣፈጥ ሳይሆን የኮምጣጤውን ስለት ማለዘብ ነው። ፓድ ታይ ሲሆን ሎሚው ይጨመቃል፣ የተወቀጠው ኦቾሎኒ ይደባለቃል፣ በጎን የመጣው ጥሬ የማሾ ብቃይም ይገባበታል፤ ኦቾሎኒ የሚጎዳው ሰው ግን ገና ሲያዝ መናገር አለበት። መረቅ ያለው ኑድል በቀኝ እጅ ቾፕስቲክ የሚባሉት ጥንድ የእንጨት መብያዎች፣ በግራ እጅ ማንኪያ ተይዞ ይበላል፤ ሌላው ምግብ በማንኪያ ሲበላ ሹካው ወደ ማንኪያው መግፊያ ነው እንጂ ወደ አፍ አይገባም። የእንጨቱ መብያ አልያዝ ያለው ሹካ ቢጠይቅ አያሳፍርም፤ ታይላንዶችም ራሳቸው ሩዝ በእንጨት አይበሉም።

ከኑድሉ በኋላ የሚመጣው ማንጎና የሚያጣብቅ ሩዝ በኮኮናት ወተት የተሠራ ስለ ሆነ ለጾም ቀን የተመቸ ጣፋጭ ነው፤ በታይላንድ የማንጎው ዋና ወራት ሚያዝያ አካባቢ ስለ ሆነም በሁዳዴ መጨረሻ ሳምንታት ፍሬው ከመልካሙ ይገኛል። የተረፈ ካለና ወደ ቤት የሚወሰድ ከሆነ፣ ኑድሉና መረቁ በተለያየ ዕቃ እንዲታሸጉ ይጠይቁ፤ አብረው ከቆዩ ኑድሉ መረቁን ጠጥቶ ያብጣልና። በማግስቱ መረቁን ብቻውን አፍልተው ኑድሉ ላይ ሲያፈስሱበት፣ ሎሚውንና ቃሪያውን እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀምረው እየቀመሱ ይጨምሩ።